የፖስታ ላንድሮቨር በግል እጅ፦ ክረምትና በጋ ካለፈበት በኋላ

ለዓመታት የፖስታ ከረጢት ያመላለስኩበትን ዓይነት ላንድሮቨር አሁን በራሴ ስም ሊብሬ አውጥቼ ነው የምነዳው። ከሰኔ በፊት በጨረታ ገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ዳር እየተነሳሁ ፎገራ፣ ደብረ ታቦርና ዘጌ ተመላልሼበታለሁ። በፖስታው ጊዜ ቤንዚኑን መሥሪያ ቤቱ ነበር የሚከፍለው። አሁን እኔ ነኝ። የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

መኪናው ሲሪስ 3 የሚባለው ነው፤ ረጅሙ፣ ባለ 109 ኢንቹ። እንግሊዞች ይህን ሞዴል ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ሠርተውታል። የእኔው ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ጉልበቱ 70 ፈረስ ገደማ። ከኋላ መስኮት የለውም፣ ዙሪያውን ድፍን ነው። ፊት ለፊት ሦስት ሰው ያስቀምጣል። መሀል የሚቀመጠው ሰው ግን ጉልበቱን ለማርሹ ማካፈል አለበት።

በእኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር። ሰው ራሱ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ሄዶ ይከፍታል። ስለዚህ የእኛ ሥራ ከከተማ ከተማ ከረጢት ማድረስ ነበር። የታሸገውን በቁጥር ትረከባለህ፣ በፊርማ ታስረክባለህ። የአደራ ደብዳቤ ካለበትማ እንቅልፍም የለ። ቤት ለቤት የሚያድሉት አሜሪካኖች ግን ከ1987 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ያሠሩት የፖስታ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ ሹፌሩ ሳይወርድ መንገድ ዳር ያለውን ሣጥን እንዲደርስበት። የሠራው ግሩማን ነው፣ ሰው ጨረቃ ላይ ያረፈበትን መንኩራኩር የሠራው ኩባንያ። ያም ሆኖ ኤሲ አልገጠሙለትም። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

ያን ጊዜ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው፣ ቻይኖች የሠሩት መንገድ ኮረኮንች ነበር። ባሌስትራው ድርቅ ያለ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ወገብ ይቆርጣል። ከረጢት ሲሞላ ይረጋል። ዛሬም ያው ነው፤ የሽንኩርት ጆንያ ስጭንበት ነው ሰው የሚሆነው። አስፋልት ላይ ከ80 በላይ ልንዳው ካልኩ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር በጩኸት ነው የምናወራው። መኪናው ሲቆም መሪው ይከብዳል፣ ገበያ አካባቢ ለማዞር ሁለት ሦስቴ ወደፊት ወደኋላ ማለት ግድ ነው።

ዳገቱ ደግሞ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ይጠጋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው ነው የሚሰጠው። ዓለም ሳጋ ጫካ ጋ ስደርስ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ሹፌር እያለሁ የሚያናድደኝ ሰዓቱ መሄዱ ነበር። አሁን ቀስ ብዬ መውጣቱ ምንም አይመስለኝም፤ የሚያናድደኝ በዚያ ጭስ ውስጥ የሚሄደው ብሬ ነው። በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስንቆም ምን ያህል እንደሚጠጣ ሰው ሲጠይቀኝ መልሱን አሳጥራለሁ።

እንግዲህ ለምን ገዛኸው ትሉኝ ይሆናል። ለክረምቱ ነው።

ጉማራና ርብ ሲሞሉ ፎገራ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል። ዋልካው የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። እዚህ ቦታ ፍጥነት ጠላት ነው። ከማርሹ ጎን ሁለት ተጨማሪ እጀታዎች አሉ፤ አንዱ ጫፉ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ቢጫውን ወደታች ስጫነው የፊት ጎማዎቹም መጎተት ይጀምራሉ። ቀዩን መኪናውን አቁሜ ወደኋላ ስስበው ከባዱ ማርሽ ይገባል። ከዚያ ሁለተኛ ላይ አድርጌ፣ ቤንዚን ሳላበዛ፣ እግሬን ከፍሪሲዮኑ አንስቼ ዝም ነው። በራሱ እየዳኸ ይወጣል። ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ከተማ ውስጥ «አባባ፣ ይኼ ነገር ሙዚየም አልገባም?» ይሉኛል። ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ሲቸከሉ «አባባ፣ ገመድ አለዎት?» ነው።

ውኃ ከተሻገርኩ በኋላ ግን ፍሬኑን አላምነውም። አራቱም ባለ ታምቡር ናቸው፣ ውኃ ሲገባቸው አይዙም። ጥቂት መንገድ ፍሬኑን በትንሹ ይዤ እየነዳሁ አሞቀዋለሁ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የእጅ ፍሬኑ ሌላ ነው። የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ግን ለማቆሚያ ብቻ ነው፤ እየሄዱ መሳብ ካምቢዮ መስበር ነው።

በጋ ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር ያሉትን ሁለት ክዳኖች ስከፍት ነፋሱ በቀጥታ ደረቴ ላይ ይመጣል። ከየትኛውም ኤሲ ይሻለኛል። ከዘጌ ሲመሽብኝ ግን ወዲያው እዘጋቸዋለሁ፣ አለዚያ የጣና ትንኝ ሁሉ ተሳፋሪ ነው። አቧራው በኋላ በር ይገባል። በፖስታው ጊዜም ይገባ ነበር፤ ከረጢቱን በሸራ እንጠቀልል ነበር። የበሩን ጎማ ቀይሬለት አልዳነም።

ጥገናው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብሎኖቹ የኢንች ናቸው። አንድ ጋራዥ ልጆቹ በሚሊሜትር ቁልፍ ታግለው የማርሚታውን ብሎን ጥርስ በልተውት ሰጡኝ። አሁን የምሄደው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ነው፤ የኢንች ቁልፎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። «ጋሼ» ስላቸው «አንተም ጋሼ ሆነሃል» ይሉኛል።

ከአስፋልት የማትወጡ ከሆነ ተዉት፤ ቤንዚኑ አይቻልም። እርሻ ወይም ገጠር ቤተሰብ ካላችሁ ግን ፈልጉት። አካሉ አሉሚንየም ስለሆነ አይዝግም፣ እሱን አይታችሁ አትታለሉ። አካሉን የተሸከመው ሻንሲ ብረት ነው። ተንበርከኩና ከኋላ በኩል በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉት፤ የደነዘ ድምፅ ካለው ውስጡ ተበልቷል። ሻጩ የኢንች ቁልፍ እንዳለውም ጠይቁት። አብሮ ከሰጣችሁ ዋጋ መጨመር ያዋጣል።