ባየር ወይስ ሄቬሊየስ? ሁለት የድሮ የሰማይ አትላሶች

በግሪኮች ተረት ንጉሥ ሴፌዎስና ንግሥት ካሲዮፔያ የኢትዮጵያ ገዢዎች ናቸው። ሦስቱም የኮከብ ስብስቦች ስም ሆነዋል፤ ልጃቸው አንድሮሜዳ በሁለቱም አትላሶች (የኮከብ ካርታ መጻሕፍት) ላይ በሰንሰለት ታስራ ትታያለች። እኔም ሁሌ የምጀምረው ከእሷ ነው።

የዮሐን ባየር «ኡራኖሜትሪያ» በ1603 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ውስጥ ታተመ። 51 ካርታዎች አሉት። ባየር ኮከቦቹን አልፋ፣ ቤታ እያለ በግሪክ ፊደል ሰየማቸው። ዛሬም «አልፋ ሴንታውሪ» የምንለው በእሱ ዘዴ ነው። የካርታው ጠርዝ በዲግሪ ስለተከፋፈለ ማስመሪያ ይዞ የኮከቡን ቦታ ማንበብ ይቻላል። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ኮከቡን አይሸፍነውም።

የዮሐንስ ሄቬሊየስ አትላስ የወጣው በ1690 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ3 ዓመት በኋላ። ለህትመት ያበቃችው አብራው ሰማይ ስትመለከት የኖረችው ባለቤቱ ኤልሳቤት ናት። ይሄ ሁሌ ልቤን ይነካኛል። ሰውየው ቴሌስኮፕ እያለው የኮከቦቹን ቦታ የለካው በዓይኑ ነበር። «ሊንክስ» የተባለችውን የዱር ድመት እንደ ኮከብ ስብስብ ሰማይ ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው፤ ኮከቦቿ ደብዛዛ ስለሆኑ እንደ እሷ ዓይን ስለታም መሆን ያስፈልጋል ብሎ። ችግሩ ሰማዩን ከውጭ እንደሚታይ ሉል ስለሣለው ግራና ቀኙ እንደ መስታወት ምስል ተገልብጧል።

ግድግዳ ላይ ለመስቀል ቢሆን ሄቬሊየስን እመርጣለሁ። ማታ ደጅ ወጥቼ ሰማይ ለማየት ግን ያለጥርጥር ባየርን።