ለ67 ሙስታንግ የኋላ ዲፍሬንሻል፦ ትሩትራክ ከ3.25 ማርሽ ጋር

ሰው ክላሲክ መኪና ሲገዛ ሞተሩንና ቀለሙን አይቶ ነው ሚጨርሰው፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ምን እንዳለ ሚያይ ጥቂት ነው። የኔን መኪና ባህሪ በጣም የቀየረው ግን ዲፍሬንሻሉ ነው፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማ ሚያከፋፍለው ክፍል። የ1967 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ ናት፣ 289 ቪ8 ሞተር፣ ባለ 3 ማርሽ ሲ4 አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ከኋላ የፎርድ 8 ኢንች ዲፍሬንሻል በ2.80 ሬሾ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ ሚመጣው ዘንግ 2.80 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ኦፕን፣ ማለትም አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን ወደ ሌላኛው ማያሳልፈው ተራው ዓይነት ስለነበረ እዚህ ቨርጂኒያ ትንሽ ካካፋ ከመብራት ስትነሳ አንዱ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል መኪናዋ ግን እዛው ናት፣ ደረቅ ላይም ቢሆን በ2.80 መነሳቷ ከባድ ነበር።

የገባላት የኢተን ኩባንያ ዲትሮይት ትሩትራክ ዲፍሬንሻል ነው፣ ባለ 28 ጥርስ ሴሚያስ (ወደ ጎማው ሚሄደው ዘንግ) የሚይዘው። ለምን እሱ? የድሮው የፎርድ ኢኳ ሎክም ሆነ በኋላ የመጣው ትራክሽን ሎክ ሚሰሩት በፍሪሲዮን ዲስክ ነው፣ ዲስክ ደግሞ ያልቃል፣ ዘይቱም ላይ ፍሪክሽን ሞዲፋየር ሚባል ለዲስኮቹ ሚጨመር ፈሳሽ ይፈልጋል። ሎከር ሚባለው፣ ሁለቱን ጎማ አንድ ላይ ሚቆልፈው፣ ጠንካራ ነው ግን መታጠፊያ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ቤተሰብ ጭኖ ለሚነዳ ሰው አይሆንም። ትሩትራክ ውስጥ ግን ያለው ሰያፍ ጥርስ ያለው ማርሽ ብቻ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡት ማርሾቹ ከቤታቸው ጋር እየተጣበቁ ጉልበቱን መሬት ወደያዘው ጎማ ያሳልፋሉ። ሲሰራ አይሰማም፣ አሁን በዝናብ ሁለቱም ጎማ አብሮ ይገፋል፣ ፓርኪንግ ውስጥ ስጠመዝዝም ምንም ድምፅ የለም። አንድ ድክመት አለው እሱንም እወቁት፦ አንዱ ጎማ ጭራሽ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሌላኛው ብዙ ጉልበት አያገኝም፣ ያኔ ፍሬን ትንሽ ረገጥ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ይረዳል። ለመንገድ መኪና ይሄ ችግር አይደለም።

አሁን ወደ ሬሾው፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ነው። 4.11 ሲባል ጆሮ ላይ ደስ ይላል ግን መጀመሪያ አስሉት፦ ማይል በሰዓት በሬሾው በ336 ተባዝቶ ለጎማው ቁመት በኢንች ይካፈላል። 205/70/14 ጎማ ቁመቱ 25.3 ኢንች ገደማ ነው፣ በ65 ማይል 2.80 ሞተሩን ወደ 2400 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) ያዞረዋል፣ 3.25 ወደ 2800፣ 3.55 ወደ 3060፣ 4.11 ደግሞ ወደ 3550፣ ሲ4 ኦቨርድራይቭ (ለሃይዌይ የሞተሩን ዙር ሚቀንስ ማርሽ) ስለሌለው ማረፊያ የለም፣ ዋሽንግተንን ሚዞረው 495 ሃይዌይ ላይ ሙሉ መንገድ ሞተሩ እየጮኸ ነው ምትሄዱት። ለዛ ነው 3.25 የመረጥኩት፣ መነሳቱ በደንብ ይሰማል ሃይዌይ ላይም ጨዋታ ማውራት ይቻላል። ባለ 5 ማርሽ ቲ5 ማንዋል ካምቢዮ ያስገባ ሰው ግን ሌላ ነው፣ 5ኛው ማርሽ 0.68 ከሆነ 3.55 አስገብቶ እንኳን በዛው 65 ላይ 2100 አካባቢ ነው ሚሆነው፣ እኔ ብሆን አላመነታም ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁትን እወቁ። ዲፍሬንሻሉን ከፊት በኩል 10 ብሎን ይዞታል፣ የታችኞቹ ብሎኖች ላይ ቡሽላ (ክቡ የብሎን መፍቻ) ቀጥ ብሎ ከገባ 8 ኢንች ነው፣ ካልገባና በቁልፍ ካልሆነ የማይፈታ ከሆነ 9 ኢንች ነው። በር ላይ ያለው የብረት ሳህን ላይ የአክስል ኮዱ ቁጥር ከሆነ ከፋብሪካ ኦፕን ነበር፣ ፊደል ከሆነ ሊሚትድ ስሊፕ (ጎማው ብቻውን እንዳይሽከረከር ሚገታው ዓይነት)፣ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ማን ምን እንደቀየረ ስለማይታወቅ ሁለቱንም የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱና ካምቢዮውን ኒውትራል አድርጋችሁ አንዱን አዙሩት፣ ሌላኛው በተቃራኒው ከዞረ ኦፕን ነው።

ደስ ሚለው ነገር 8 ኢንች ሙሉ ዲፍሬንሻሉ በአንድ ላይ ከፊት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይሰራል፣ ስለዚህ መኪናውን ሳይሆን እሱን ብቻ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይቻላል። ሚያውቅ ሰው ላይ አትቆጥቡ በናታችሁ። ኮሮናና ፒኞን (ሬሾውን ሚወስኑት ትልቁና ትንሹ ማርሽ) ምንም ያህል ውድ ቢሆን ካልተለካ ይጮሃል፣ አንድ ጓደኛዬ አዲስ ማርሽ አስገብቶ 50 ማይል ላይ ነዳጅ ሲለቅ እንደ ተኩላ ያላዝንበት ነበር፣ ሲከፈት ፒኞኑ ጠልቆ ነው የገባው። የኔን የሰራው ሰው የኮሮናውን ጥርስ ቢጫ ቀለም ቀብቶ አዙሮ አሻራው ጥርሱ መሃል ላይ ማረፉን አሳየኝ፣ በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መሃል ያለውን ክፍተት ደግሞ ዳያል ጌጅ በሚባል ባለ ቀስት መለኪያ ዙሪያውን ለካው፣ ባብዛኛው ከ0.008 እስከ 0.012 ኢንች ነው ሚፈለገው ግን ከማርሹ ጋር ሚመጣው ወረቀት ያለውን ተከተሉ። ይሄን ማያሳያችሁ ጋራዥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ዘይቱ 80/90 ተራ ሚኒራል ነው፣ ኢተን ለትሩትራክ ሲንቴቲክም ፍሪክሽን ሞዲፋየርም አይመክርም፣ ሻጩ ሊያስገዛችሁ ቢሞክር እንኳን ተዉት። መጀመሪያ ላይ 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ ነድታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አቁሙት፣ ይሄን ደጋግሙት፣ እስከ 500 ማይል ድረስ አትርገጡት ከዛ ዘይቱን ቀይሩ። ደግሞ የፍጥነት መለኪያውን እንዳትረሱ፣ ከ2.80 ወደ 3.25 ስትሄዱ በትክክል 65 እየሄዳችሁ 75 ያሳያችኋል፣ ካምቢዮው ላይ ኬብሉ ጫፍ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሷ በዛ ባለ መቀየር ነው፣ በጣም ርካሽ ናት አብራችሁ እዘዟት።