ዊዶር ወይስ ቪየርን?
ሁለቱም ፈረንሳዊ፣ ሁለቱም አቀናባሪና የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች። ኦርጋን ስል ያ የሠርግ ቤቱ ኪቦርድ እንዳይመስላችሁ፤ ሺህ ምናምን ቧንቧ ያለው ግድግዳ የሚያክል ነገር ነው። ሻርል ማሪ ዊዶር መምህሩ፣ ሉዊ ቪየርን ተማሪው። የሞቱትም በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1937።

ዊዶር በ1870 ፓሪስ ሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን በኦርጋን ተጫዋችነት የገባው «ለጊዜው» ተብሎ ነበር። ጊዜያዊው ሥራ ከ60 ዓመት በላይ ቆየ! ከአሥሩ የኦርጋን ሲምፎኒዎቹ (ብዙ ክፍል ያላቸው ረጃጅም ድርሰቶች ናቸው) የአምስተኛው መዝጊያ፣ ቶካታ የሚባለው ፈጣን ሙዚቃ፣ ዛሬም ሙሽሮችን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣል። ላይ ጣቶቹ እንደ ዝናብ ይወርዳሉ፣ ታች እግሩ ከባዱን ዜማ ይረግጣል። ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

የኔ ሰው ግን ቪየርን ነው። ሲወለድ ጀምሮ ዓይኑ እምብዛም አያይም። ከ1900 ጀምሮ የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ስድስት የኦርጋን ሲምፎኒ ጻፈ፤ ከመምህሩ ይልቅ ጨለም ያሉ ናቸው፣ ሆድ ያባባሉ። ጁን 2 ቀን 1937 እዚያው ኖትርዳም፣ ኮንሰርት ላይ ሳለ ኦርጋኑ ላይ ሕይወቱ አለፈ። እግሩ ፔዳሉን ተጭኖ ስለቀረ አንድ ወፍራም ድምፅ ካቴድራሉን ሞልቶት ነበር ይባላል።

ከአንደኛው ሲምፎኒ መዝጊያ ጀምሩለት። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ጎረቤት ካልተቆጣ።