ማክሮኳድ፦ ለመጀመሪያው የረስት ጌም ይበቃል?

አታሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ብሬክአውት» የመሰለ ጡብ መስበሪያ ጌም ረስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለመሥራት ማክሮኳድ የሚባለው የጌም ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ይበቃል፣ እንዲያውም ይመረጣል። ሌላው የረስት አማራጭ ቤቪ ለትልቅ ሥራ የተሰናዳ የጌም ኢንጂን ነው፤ ለአንድ ኳስና ለአንድ መምቻ ግን ይበዛል፤ የመጀመሪያው ኮምፓይል (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር) እስኪያልቅም ቡና ይፈላል። ማክሮኳድ የሚጎትታቸው ክሬቶች (የረስት ላይብረሪዎች) ጥቂት ስለሆኑ ደከም ያለ ላፕቶፕም ቶሎ ይጨርሰዋል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔት አያስፈልገውም፣ ዋጋም የለውም።

ካርጎ በሚባለው የረስት መሣሪያ «ካርጎ ኒው» ፕሮጀክቱን ይፈጥራል፣ «ካርጎ አድ ማክሮኳድ» ላይብረሪውን ይጨምራል። ዋናው ፋንክሽን «ኤሲንክ» (መሀል ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚችል) ይሆንና ውስጡ አንድ ሉፕ (የሚደጋገም ዙር) ይገባል፦ ስክሪኑን ማጽዳት፣ ቁልፍ ማንበብ፣ ኳሱን ማንቀሳቀስ፣ መሣል፣ መጨረሻ ላይ «ኔክስት ፍሬም»ን (ቀጣዩን የስክሪን ምስል) መጠበቅ። ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ከተረሳች መስኮቱ ይደርቃል። ፍጥነት በሰከንድ ተለክቶ በ«ጌት ፍሬም ታይም» (ካለፈው ፍሬም ወዲህ በሄደው ጊዜ) ይባዛ። በፍሬም 5 ፒክስል ብለው ከጻፉት በ60 ኸርዝ ስክሪን በሰከንድ 300 የሚሄደው ኳስ በ144 ኸርዝ 720 ይሄዳል።

የረስት ጥቅም ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጡብ ሲሰበር ነው። በጡቦቹ ዝርዝር ላይ እየዞሩ እዚያው «ሪሙቭ» ማለትን ኮምፓይለሩ አይፈቅድም። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ይኸው ስህተት ኮምፓይል ሆኖ ያልፍና በጨዋታ መሀል ጉድ ያፈላል። መፍትሔው የተሰበረውን ጡብ ምልክት አድርጎ ዙሩ ሲያልቅ የሚፈለጉትን ብቻ በሚያስቀረው በ«ሪቴይን» ማጽዳት ነው። በኢንዴክስ (በተራ ቁጥር) የሚዞር ሰው ግን ከኮምፓይለሩ ያመልጣል፤ ዝርዝሩ ሲያጥርበት ጌሙ በ«ፓኒክ» (ስህተቱን ተናግሮ) ይቆማል። ቢያንስ የማይገባውን ሜሞሪ አይነካም።

የኳሱን ጠባይ ግን ረስት አያውቅልዎትም። ኳሱ መምቻው ውስጥ ትንሽ ሲገባ የፍጥነቱን ምልክት ብቻ ከገለበጡ በሚቀጥለው ፍሬም እንደገና ይገለበጥና እዚያው ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። ምንጊዜም ወደ ላይ እንዲሄድ ማስገደድ ነው፤ ማክሮኳድ ላይ ወደ ላይ ማለት ኔጌቲቭ ነው። 8 ፒክስል ስፋት ያለው ኳስ በሰከንድ 1800 ፒክስል ከሄደ ደግሞ በ60 ኸርዝ በአንድ ፍሬም 30 ይዘላል፤ 20 ፒክስል ውፍረት ያለውን ጡብ ሳይነካ ሊያልፈው ይችላል። የአንድ ፍሬም ጉዞውን 4 ቦታ ከፍሎ በየደረጃው ግጭት መፈተሽ ይበቃል።

የሚያናድዱ ነገሮችም አሉት። የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው ራንደም ሲድ (መነሻ ቁጥር) ካልተሰጠው ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ቅደም ተከተል ይደግማል፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት ለ«ኤስ ራንድ» ይስጡት። «ኦዲዮ» የሚለው ፊቸር በካርጎ ፋይሉ ካልተከፈተ ጌሙ ይሠራል፣ ድምፅ ግን የለም። ላይብረሪው ራሱም ከውስጥ «አንሴፍ» (ኮምፓይለሩ ደኅንነቱን የማያረጋግጠው) ኮድ ስላለው መሣያ ፋንክሽኖቹን ከሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄድ ሌላ የኮድ መስመር) መጥራት አይገባም።

የተጫዋቹን ነጥብ በአማርኛ ለማሳየት አብሮት የሚመጣው ፎንት አይረዳም፤ ፊደላችን የለበትም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በ«ሎድ ቲቲኤፍ ፎንት» ከሉፑ በፊት አንዴ ይጫኑና በ«ድሮው ቴክስት ኢኤክስ» ይጻፉ። ማክሮኳድ ፊደል ከፊደል አያያይዝም፤ ይህ አረብኛ ለሚጽፍ ትልቅ ችግር ነው። የእኛ ፊደል ግን ከሀ እስከ ፖ እያንዳንዱ ሆሄ በዩኒኮድ የየራሱ ቦታ ስላለው ያለ ተጨማሪ ሥራ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከላይ ወደ ታች የሚሰጡት ቦታ (ዋይ) የጽሑፉ መቆሚያ መስመር ነው፤ 0 ላይ ካስቀመጡት ጽሑፉ ከስክሪኑ በላይ ይቀራል።

ለብራውዘር ማዘጋጀቱ ቀላል ነው፤ የዋዝም ፋይሉ (ብራውዘር የሚያስኬደው የጌሙ ኮድ)፣ የማክሮኳድ ጃቫስክሪፕትና አንዲት አጭር ኤችቲኤምኤል ይበቃሉ። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መክፈት ግን አይሆንም፤ እቤት ሲሞክሩትም ትንሽ ሰርቨር ያስነሡ።