የኬሚካል ሰሌዳችንን የሰራልን የአለም ገናው ልጅ

ሰላም ጎበዝ! ሰበታ፣ መናገሻ፣ ሆለታ አካባቢ አበባ እርሻ ላይ የምትሰሩ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ናት።

አለም ገና ላይ ማስታወቂያና ህትመት የሚሰራ አንድ ልጅ አለ። የግሪንሃውሳችንን የኬሚካል መረጃ ሰሌዳና የስፕሬየሮቹን፣ ማለትም የኬሚካል ረጪዎቹን፣ የኪስ ካርድ የሰራልን እሱ ነው። እጁ ይባረክ። ስሙንና ስልኩን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጽጌረዳ ላይ የሰራ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ማይትና ትሪፕስ የሚባሉ ደቃቅ ተባዮች አሉ፣ ፓውደሪና ዳውኒ የሚባሉ የቅጠል በሽታዎች አሉ፣ እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ ይከተላል። ለሁሉም ስቶር ውስጥ ጠርሙስና ከረጢት ተደርድሯል። መረጃውስ? ግማሹ ጠርሙሱ ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አግሮኖሚስቱ (የሰብል ባለሙያችን) ኮምፒውተር ውስጥ፣ የቀረው እኔ ጭንቅላት ውስጥ። ጠዋት ታንከር ሊሞላ ሲል ስልኬ ይጮሃል። "ይሄ ለመቶ ሊትር ስንት ነበር?" "ትናንት የተረጨው ቤት ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?" ሻወር ውስጥ ሆኜ ሁሉ መልሻለሁ።

እና የኬሚካሎቹን መረጃ በሰንጠረዥ አትሜ ለልጁ ይዤለት ሄድኩ። ሌላው ቢሆን ላሚኔት አድርጎ፣ ብሩን ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና "እህቴ፣ ይሄን የሚያነበው ሰው እጁ ላይ ምንድነው ያለው?" አለኝ። ጓንት ነዋ። "ታዲያ በጓንት እንዴት ይገልጠዋል?"

ካርዶቹን ወፈር አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ ተባይና በሽታ ከጎን ወጣ ያለ ምላስ አበጅቶ ሰራቸው፤ በጓንት ጣት ላፍ ይደረጋሉ። ላሚኔቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አሳንሶ ስለሚቆርጠው ዙሪያውን ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃል። ካርዶቹን የሚያያይዘው ቀለበት የሚገባበትን ቀዳዳ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ሰፋ አድርጎ ይበሳል፣ ላሚኔት ካደረገው በኋላ መሀሉ ላይ ፕላስቲኩን ብቻ ጠበብ አድርጎ ይበሳል። ውሃ በየት በኩል ይግባ? ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ያሰራነው ካርድ በቀዳዳው በኩል ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው የተጣለው።

ሰሌዳውን ከመስራቱ በፊት ስቶሩን ካላየሁ አለ። መጥቶ አምፖሉን አየና የሚያብረቀርቀውን ፕላስቲክ ተወው፣ ስለሚያንጸባርቅ አይነበብም ብሎ። እያንዳንዱ ኬሚካል የራሱ ተነቃይ ረድፍ አለው፤ አንዱ ሲቀየር ያንን ብቻ ነው የምናሳትመው። "አማርኛ ብቻ ነው እንዴ?" ብሎ ኦሮምኛውንም ራሱ ጨመረው፣ የኛ ልጆች አዩለት።

እኔ በጣም የወደድኩት የምድብ ቁጥሩን አምድ ነው። ለነፍሳትና ለማይት መድሃኒት የኢራክ (IRAC)፣ ለፈንገስ የፍራክ (FRAC) ቁጥር ይባላል፤ መድሃኒቱ ተባዩን በየት በኩል እንደሚመታ የሚነግር ቁጥር ነው። ስቶር ውስጥ ስማቸው የማይገናኝ ሁለት ጠርሙሶች ነበሩን፣ ሁለቱም ግን ውስጣቸው ያለው መድሃኒት አባሜክቲን ነው፣ ምድብ 6። በአንዱ ረጭቶ በሳምንቱ ወደ ሌላው መዞር ስም መቀየር እንጂ መድሃኒት መቀየር አይደለም፣ ማይት ደግሞ መድሃኒት ለመላመድ ማን ብሎት! አሁን ጎን ለጎን ቁጥራቸው በትልቁ ተጽፏል። ባለፈው ቀን አንዱ ስፕሬየር ለስቶር ኪፐሩ "ይሄም 6 ነው እኮ፣ ቢፌናዜቱን ስጠኝ" ሲለው ሰማሁ። ቢፌናዜት ሌላ የማይት መድሃኒት ነው፣ ምድቡም 20ዲ። ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ።

ከዚያ ውጪ የአደገኛነቱ ቀለም አለ፣ እንደ ጠርሙሱ ቀለም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የሚለበሰው በስዕል ነው። ከተረጨ በኋላ የማይገባበት ሰዓት ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ በጣም ትልቅ ሆኖ ተጽፏል፣ ምክንያቱም እሱን የሚፈልገው ስፕሬየሩ ብቻ ሳይሆን አበባ ቆራጮቹም ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የኛን ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ለእርሻችሁ አታሳትሙ! አባሜክቲን 1.8 ፐርሰንት አለ፣ 3.6ም አለ፣ የአንዱን መጠን ለሌላው ብትጠቀሙ እጥፍ ወይ ግማሽ ትረጫላችሁ። እኛ ያስገባነው በአዋጅ 674/2002 መሰረት የተመዘገበውን፣ እሱም ስቶራችን ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ከራሱ ጠርሙስ ላይ የተወሰደ ነው። ልጁ አታሚ እንጂ አግሮኖሚስት አይደለም፤ የሰጣችሁትን ነው የሚያትመው። ስለዚህ አግሮኖሚስታችሁ አይቶ ይፈርምበት፣ የታደሰበት ቀንም ከታች ይጻፍ። ሰሌዳው ተሰቀለ ተብሎ የጠርሙሱ ሌብል ይነቀል ማለትም አይደለም፤ ሰው ኬሚካል ቢነካው ሀኪም ቤት ይዛችሁ የምትሮጡት ሌብሉን ነው።

ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ወደድ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ቀጠሮም ያሳልፋል። ኦዲት ነገ ነው ብላችሁ ዛሬ አትሂዱበት። ፋይሉንም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቴሌግራም ላይ የተላከለትን ቶሎ አያይም።