ባለ 12 ዶላሯ ሚዛንና የኔ ቡቺ

ይቺን ሚዛን የገዛኋት ለዳቦ ብዬ ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ዳቦ ጋጋሪ ሲሆን እኔም ገዛሁና ሁለት ዳቦ አሳርሬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። ወጥታ ሥራ የጀመረችው ባለፈው ዓመት ነው። የውሻ ምግብ ልትመዝን።

ቡቺ ላብራዶር ነው፣ 8 ዓመቱ። የተኮላሸ ውሻ የሚያስፈልገው ምግብ እንደሚቀንስ አላውቅም ነበርና እንደ ድሮው ሳበላው ኖርኩ። በዚያ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው እኔ እርጅና ነው አልኩ፣ እማዬ ደግሞ «ተመችቶት ነው፣ አምሮበታል» አለች። በኛ ቤት «ወፈርክ» ማለት ምርቃት ነው። ሐኪም ጋ ስንወስደው 41 ኪሎ። መሆን የነበረበት 32 ገደማ። ከ1 እስከ 9 በሚሄደው የሰውነት መለኪያ 8 አገኘ፤ ደህና የሚባለው 4 ወይም 5 ነው።

ሐኪሟ ስቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ራሱ ኬሚካል እያመነጨ ሰውነትን በቀስታ ሲያስቆጣ ይኖራል፣ ብግነት የሚሉት ነው። ለካ ጉልበቱን የሚያመው ሸክሙ ብቻ አይደለም። ሲያመው አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ ይወፍራል፣ ሲወፍር ደግሞ ይብስበታል። የ2002ቱን ጥናትም ነገረችኝ፦ 48 ላብራዶሮች፣ ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው ሩብ ያህል ያነሰ እየበሉ አደጉ፣ እነሱ ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨመሩ። ለውሻ 2 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ውሻ ያለው ያውቃል።

ከዚያ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን የክብደት መቀነሻ ምግብ አዘዘችልን። ሂልስም፣ ሮያል ካኒንም፣ ፑሪናም እንዲህ ዓይነት ምግብ አላቸው። አሰሩ (ፋይበሩ) ብዙ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ ካሎሪው ትንሽ። ዋጋው ያስደነግጣል። እኔም ይሄን ሁሉ ከከፈልኩ ውሻው በራሱ ይከሳል ብዬ በፕላስቲክ ኩባያ እየሰፈርኩ ሰጠሁት። ከአንድ ወር በኋላ 40.8 ኪሎ! ሐኪሟ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «በምንድን ነው የምትሰፍረው?»

ሚዛኗን ከመሳቢያ አወጣኋት። ያው ኩባያ፣ ያው ምግብ፣ እኔ ስሰፍር አንዴ 118 ግራም፣ አንዴ 140። እማዬ ስትሰፍር 171፤ ከላይ ቁልል ታደርገዋለቻ፣ እንደ ገበያ ምራቂ! የቡቺ ድርሻ በቀን 280 ግራም ነው፣ ጠዋት 140፣ ማታ 140። በፊት ሦስት ኩባያ ስንሰጠው ምን ያህል እንደሚያልፍ አስቡት።

ስለ ሚዛኗ ራሷ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ጠፍጣፋ ናት፣ ሳህን አስቀምጠህ ዜሮ ታደርጋታለህ፣ ግራም በግራም ታነባለች። የባትሪ ክዳኗ ላልቶ በፕላስተር ነው የያዝኩት። ሳይነኳት ከቆዩ ራሷን ታጠፋለች፣ ይሄ ያናድዳል። የምግቡ ፍሬ በልኩ እንዲገባ ስታገል ጥፍት!

ያልመዘነችው ነገር ጉርሻ ነው። ሐኪሟ ከምግቡ ውጭ የሚሰጠው ነገር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ብላለች፣ ለቡቺ 94 ካሎሪ ገደማ። በቅቤ የራሰች አንዲት የእናቴ ጉርሻ እሱን ትጨርሰዋለች፣ እሷ ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ትደግመዋለች። ወጥ ሁሉ ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ይሄን ስነግራት ደነገጠች፣ ጉርሻው በዚያው ቀን ቆመ። ካሎሪ ብዬ ስለምናት የከረምኩት ለካ በከንቱ ነው። አሁን ካሮት ነው የምትሰጠው፣ እሱም ተመዝኖ።

በነገራችን ላይ፣ እማዬ ቡቺን «አልጠግብ ባይ» እያለች የምትሰድበው ያለ ጥፋቱ ሊሆን ይችላል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ የረሃብን ስሜት የሚቆጣጠር ጂኑ በከፊል የጎደለ ነው።

ድመት ያላችሁ ግን እንደኔ ዘላችሁ አትግቡ። ወፍራም ድመት በድንገት ምግብ ካጣች ወይም ለቀናት ካልበላች ስቡ ጉበቷ ላይ ይከመርና ሊገድላት ይችላል። በሐኪም፣ ቀስ ተብሎ ነው። ቀስ ተብሎም ግን ያዋጣል፤ ድመት ስትወፍር ኢንሱሊን አልሠራ ይላትና ወደ ስኳር በሽታ ልትሄድ ትችላለች።

በሰባተኛው ወር ቡቺ 34.5 ኪሎ ነው። ደረጃውን በራሱ ይወጣል። የጎን አጥንቱን ስዳስሰው የመዳፌን ጀርባ እንደመዳሰስ ሆኗል፣ ልኩ እሱ ነው ይላሉ፤ በፊት መዳፌን ከፊት በኩል እንደመዳሰስ ነበር፣ ልፍስፍስ። እማዬ አሁንም «ልጁን አከሳኸው» ትላለች።

ለምግቡ ከአምስት አራት ኮከብ፣ ለዋጋው ስል። ለሚዛኗ አምስት፣ ከነፕላስተሯ። እስከ 5 ኪሎ ብቻ ስለምትችል ውሻውን ራሱን አትመዝንም። እሱን ተሸክሜ የሰው ሚዛን ላይ እወጣና የራሴን እቀንሳለሁ። የኔ ቁጥር ለማንም አይነገርም።