«ሙሉ ፓኬጅ» ተብሎ የሚሸጠውን የባድሜንተን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የሻትሉን ቁጥር ጠይቁ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ፣ በአያትና በሱሉልታ ባድሜንተን የምትጫወቱ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይህችን አንብቡ። «ኦርጅናል፣ የውድድር ደረጃ፣ ያላችሁበት ድረስ እናደርሳለን» እየተባለ በቴሌግራም የሚለጠፍ ፓኬጅ አለ። ሁለት «ካርቦን» ራኬት፣ መረብና 12 ፍሬ የላባ ሻትል (በራኬት የሚመታው ባለ ላባ ኳስ) የያዘ ቱቦ ነው። ግማሹን ብር በቴሌብር ቀድማችሁ ትልካላችሁ፤ ቀሪውን ለሞተረኛው ትሰጣላችሁ። «ቱቦው ከተከፈተ አይመለስም» የምትለዋ ቃል ከታች በትንሹ ተጽፋለች።

አትግዙት። ራኬቱም ጉድ አለበት፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ገንዘባችሁን በየሳምንቱ የሚበላው ግን ሻትሉ ነው።

የቱቦውን ክዳን ወይም ጎኑን እዩ፤ 75፣ 76፣ 77፣ 78 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። የፍጥነት ቁጥር ነው፤ መነሻው ግሬን በሚባል መለኪያ የተለካ ክብደት ነው። 77 ማለት ወደ 5 ግራም፣ 75 ማለት ወደ 4.86 ግራም መሆኑ ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሻትሉ ይፈጥናል፣ ይርቃልም። ቁጥሩ በአንድ ሲለያይ ርቀቱ በ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይለያያል። አንዳንድ አምራቾች ከ1 እስከ 5 ይቆጥራሉ፤ እዚያም ትንሹ ቁጥር ዝግተኛው ነው።

በእነዚህ ፓኬጆች ውስጥ የሚመጣው በአብዛኛው 77 ወይም 78 ነው። ይህ ለባህር ጠለል ቅርብ ለሆኑ፣ ለብ ላሉ ወይም ቀዝቀዝ ላሉ ከተሞች የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች፤ አቃቂ ወረድ ቢልም ከ2,000 ሜትር በታች አይደለም። እዚህ አየሩ በባህር ጠለል ካለው ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ሻትልን የሚያቆመው ደግሞ አየር ነው፤ ላባዎቹ የተደረደሩት አየር እንዲይዝ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚይዘው ያጣና ከሜዳው ወጥቶ ይወድቃል። ለእኛ ከፍታ 75 መነሻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ 74 ወይም 73 ካገኛችሁ ያዙት። የጨዋታው ሕግ የሻትልን ክብደት ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ይወስናል፤ ሆኖም በከፍታ ወይም በአየር ንብረት ምክንያት መደበኛው ሻትል የማይሆን ሲሆን የአገሩ ፌዴሬሽን ፈቅዶ ማስተካከል እንደሚቻል ራሱ ሕጉ ይላል። «የውድድር ደረጃ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ስለ ጥራቱ እያወራ ነው፤ ለየትኛው ከፍታ እንደተሠራ ግን አልነገራችሁም።

ጉዳቱ ኳስ መውጣቱ ብቻ አይደለም። የሚረዝም ሻትል የለመደ ተጫዋች ሳያውቀው ክንዱን ይሰበስባል፣ ምቱን ያለሰልሳል። ልጆች ከሆኑ ይብሳል። አንድ ቀን ትክክለኛ ሻትል ወዳለበት ውድድር ሲሄዱ ወደ ኋላ መስመር የሚልኩት ኳስ ሁሉ መሐል ሜዳ ላይ ይወድቅና ለተጋጣሚ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች ለሚመታ ኃይለኛ ምት) ይመቻቻል። ያንን ልማድ ማስተው ወራት ይፈጃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ነፋስ በሌለበት አዳራሽ፣ ከኋላው መስመር ላይ ሆናችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ፣ በሙሉ ጉልበት ምቱ። ሻትሉ ከወዲያኛው የኋላ መስመር 53 ሳንቲ ሜትር እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀደም ብሎ ከወደቀ ትክክል ነው። ከመስመሩ ካለፈ ፈጣን ነው። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክሩ፤ መቺው ክንዱ የጠነከረ ሰው ይሁን። እንግዲህ «ተከፍቶ አይመለስም» የተባለው ይህን እንዳታደርጉ ነው።

የላባዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ በማጠፍ ማዘግየት ይቻላል፤ ለልምምድ ይሆናል። በውድድር ግን ተጫዋች ሆን ብሎ የሻትሉን ፍጥነት ወይም አበራረር መለወጥ አይፈቀድለትም።

ቱቦውን ከከፈታችሁ ደግሞ ከላይ ያለውን አንድ ፍሬ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ መሐል ካሉት አንዱን አውጡ። ላባዎቹ 16 መሆን አለባቸው። የላባውን አገዳ በብርሃን እዩት፦ የዝይ ላባ አገዳው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ርካሹ የዳክዬ ላባ ይቀጥናል፣ ይጎብጣል፣ በሁለት ስማሽ ከመሐል ይሰበራል። ሁሉም ላባ ከአንድ ወገን ክንፍ የተወሰደ መሆን አለበት፤ ግራና ቀኝ ከተቀላቀለ ሻትሉ አየር ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። አገዳዎቹን የሚያስረውን የክር ዙሪያ በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት፤ ሙጫው በደንብ ካልጠጣ ክሩ ይንሸራተታል። ጭንቅላቱን በሁለት አውራ ጣት ጫን በሉት። ቡሽ ከሆነ ጠንከር ብሎ ይመልሳል፣ ስፖንጅ ከሆነ ይሰረጉዳል። ቡሹ ላይ የራኬት ክር አሻራ ካያችሁ፣ ከአዳራሽ ተለቅሞ እንደገና የታሸገ ነውና ቱቦውን ሙሉ መልሱት።

ዋጋውን በፍሬ ሳይሆን በጨዋታ አስሉት። በጨዋታ አንድ ፍሬ የሚበቃችሁ ቱቦ 12 ጨዋታ ያጫውታል። በጨዋታ 4 የሚሰበርበት በ3 ጨዋታ ያልቃል። ዋጋው ግማሽ እንኳ ቢሆን ጨዋታው ሁለት እጥፍ አስወጣችሁ ማለት ነው።

በጋው ደረቅ ስለሆነ ጥሩው ላባም ይሰባበራል። ከመጫወታችሁ አንድ ቀን በፊት ማንቆርቆሪያ አፍልታችሁ የቱቦውን ሁለቱንም አፍ ከፍታችሁ በእያንዳንዱ በኩል ከ5 እስከ 10 ሰከንድ እንፋሎት አስገቡ፣ ዘግታችሁ አሳድሩት። ቡሹ እንዳይርስ ተጠንቀቁ። በግቢ ሜዳ ለምትጫወቱ፣ ነፋስ ካለ የላባ ሻትል ጨርሶ አትግዙ፤ የናይለን ይሻላል። እሱም ቀለም አለው፦ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቀለበት አረንጓዴ ከሆነ ዝግተኛ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን ነው። እኛ አረንጓዴውን ነው የምንፈልገው።

ወደ ራኬቱ። ማግኔት አስጠጉበት፤ ዘንጉ ከሳበ ብረት እንጂ ካርቦን አይደለም። ፍሬሙና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቲ ቅርጽ ያለው ማያያዣ ካለ ሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ የሚላቀቀውም እዚያው ነው። 4ዩ (4U) የሚል የክብደት ምልክት የተጻፈበት ራኬት ያለ ክር ከ80 እስከ 84 ግራም መሆን አለበት። ክርና የእጀታ ጥቅል ጥቂት ግራም ይጨምራሉ፤ ሚዛኑ 105 ካሳየ ግን ጽሑፉ ውሸት ነው። «30 ፓውንድ የክር ውጥረት ይችላል» የሚለውን አምናችሁ ክር በ26 ፓውንድ አታስወጥሩ፣ ፍሬሙ ይጣመማል። ለጀማሪ ከ20 እስከ 22 ይበቃል።

ቀብድ አትላኩ። መጀመሪያ ለሻጩ «የቱቦውን የፍጥነት ቁጥር በፎቶ ላክልኝ፤ አንድ ፍሬ ሞክሬ ከመስመር ካለፈ የቀረውን ትመልሳለህ ወይ?» ብላችሁ ጻፉለት። ቁጥሩ ላይ ሌላ ስቲከር የተለጠፈበት ፎቶ ከላከ፣ ወይም «ሁሉም አንድ ነው» ካለ፣ ንግግሩን እዚያው ጨርሱ። ከተስማማ አንድ ቱቦ ብቻ እዘዙ፣ ሞተረኛው ቆሞ እያየ ክፈቱት፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። በቡድን የምትጫወቱ ከሆነ ያ ቱቦ ፈተናውን ሳያልፍ ካርቶን አትዘዙ።